መርዶው እስኪደርስ

ቅዳሜ ጠዋት ፀገነት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በትንሿ የጋዝ ምድጃ ውሃ አፈላችና ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ብርጭቆዋን አጠበች። በመደርደሪያው ላይ ያለውን ንጹሕ ብርጭቆም አውርዳ አጠበች። አልጋዋን አነጠፈች፤ የአንሶላው ጠርዝ አልተስተካከለም ብላ ገልጣ እንደገና አነጠፈች። ውጭ፣ ሃዲዳ የሚባሉት ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች ጣሪያው ላይ ሆነው እንደተጣሉ ጎረቤታሞች ይጯጯሃሉ። ጠመኔውን፣ የእጅ ማጽጃውን፣ ትርፍ ማስኮቹንና ግንባር ላይ የሚደገነውን የሙቀት መለኪያ በዘንቢል ከትታ በሩን ቆለፈች። ደረጃውን ወርዳ ስታበቃ ተመልሳ መቆለፉን አየች።

በስደት ከምትኖርበት ከሜይፌር ሰፈር እስከ ፎርድስበርግ ገበያ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ሌላውን ቀን በዚሁ መንገድ ወደምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ግን ሱቁን አልፋ፣ ገና መዝጊያቸውን የሚያነሡትን ነጋዴዎች በአንገቷ ሰላም እያለች፣ ወደ ክበቡ አዳራሽ ትታጠፋለች። ክበቡ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰብስበው በጎ ሥራ የሚመክሩበት ማኅበር ነው። ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ። ለድሆች ብርድ ልብስ ሲያከፋፍሉ፣ ክሊኒክ ሲቀቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ወረርሽኙ በገባ ዓመት የምግብ እሽግ ሲያድሉ ግን አንድ ነገር አዩ። በሰፈሩ የሚኖሩት ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እሽጉን ሲወስዱ በጣት አሻራ ይፈርማሉ። አስተርጓሚ ተብላ የተጠራችው ፀገነት ነበረች። በኋላ ሴቶቹ እንዲማሩ ሲታሰብ አደራጅዋም፣ አስተማሪዋም፣ አዳራሽ ጠራጊዋም እሷው ሆነች። ማንም አላስገደዳትም። ቅዳሜ ቤቷ ከመዋል ሁሉም ይሻላት ነበር።

የክበቡ ኃላፊ ሚስስ ፒሌይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት ናቸው። "ፀ" አፋቸው ውስጥ አልገባ ስላላቸው "ሴጊ" ይሏታል። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለቱ ተከራክረው ነበር።

"የሚኖሩት እዚህ ነው ሴጊ፤ እንግሊዝኛ ነው የሚያስፈልጋቸው" አሉ ሚስስ ፒሌይ።

"በሚያውቁት ቋንቋ ማንበብ ያልቻለ ሰው በማያውቀው አይጀምርም" አለች ፀገነት። "ሦስት ወር ፊደል ላስተምራቸው፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን ራሳቸው ይሮጡበታል።"

ሚስስ ፒሌይ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። "አንቺ ሴት ከእኔ ጋር ብትሠሪ ኖሮ ምክትሌ አደርግሽ ነበር" ብለው ተሸነፉላት። መጻሕፍቱን ግን ቀድመው ሰብስበው ነበር፤ አራት ካርቶን የሕፃናት መጽሐፍ፣ አብዛኛው በረዶ ውስጥ ስለሚኖር ድብ የሚያወራ።

እንግዲህ በመጋቢት፣ እገዳው ላላ ሲል፣ አሥራ ሁለት ሴቶች ተመዘገቡ። የሱቅ ባለቤቶች ሚስቶች፣ ጨርቅ አዟሪዎች፣ አንድ ልብስ ሰፊ። አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ አማርኛን የሚናገሩት እንደ ተዋሱት ዕቃ ተጠንቅቀው ነው። በየወንበሩ መካከል ሁለት ክንድ ርቀት ተለክቶ ተቀመጡ። ፀገነት የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ ለጥፋ፣ እያንዳንዷ ለምን እንደመጣች እንድትናገር ጠየቀች።

"እኔ ፊደል እችላለሁ፤ ለእንግሊዝኛው ነው የመጣሁት" አለች በለጥሽ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ መሃል ከተማ ካልሲ የምትነግድ ሴት። "ፖሊስ ወረቀት ሲሰጠኝ መቀጫ ይሁን የፍቅር ደብዳቤ መለየት እፈልጋለሁ።"

ሳቁ ሲበርድ ከጥግ ያለችው ተነሣች። ኤርጎጌ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ሀይለየሱስ ከከተማው ራቅ ባለው ካትሌሆንግ ሱቅ አለው፤ እሱ እዚያው ያድራል፣ እሷ ለክሊኒኩ ይቀርባታል ተብሎ ሜይፌር ክፍል ተከራይቶላታል።

"እኔ የመጣሁት በስልክ ምክንያት ነው ቲቸር" አለች። "እናቴ ድሮ በድምፅ ነበር የምትልክልኝ። በባሌ ስልክ። በሀዲይኛ ትመርቀኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ መሃል ላይ ዶሮ ታባርራለች። ከገና ወዲህ ሁሉም ጸሐፊ ሆኑ። ኔትወርኩ ድምፅ አያደርስም፣ ጽሑፍ ነው የሚያደርሰው አሉ። ባሌ እሑድ እሑድ ሲመጣ ያነብልኛል። 'ሰላም ነኝ፣ ናፍቀሽኛል፣ በርቺ።' በቃ። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ አጭር ተናግራ አታውቅም።"

"ባልሽ እያሳጠረው ነዋ!" አለች በለጥሽ። "ወንድ ደብዳቤ ሲያነብ ዋጋ የሚጠራ ነው የሚመስለው።"

"እሱን ነው የምልሽ። እኔ ራሴ አንብቤ ሙሉውን ልሰማ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤርጎጌን የሚያህል ተማሪ አልተገኘም። ፊደሏን በደብተሯ ብቻ ሳይሆን በመዳፏ፣ በታክሲ መስኮት እንፋሎት ላይ፣ በዱቄት ከረጢት ጀርባ ትጽፍ ነበር። አንድ ረድፍ ስታጠና ከንፈሯ ማስኩ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፀገነት እሷን ስታይ ለጥቂት ደቂቃ እጇ ሥራ መፈለጉን ይተዋል። በሚያዝያ አጋማሽ ክፍሉ "የ" ላይ ደረሰ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ዱካሞ ወደ ጨርቅ ሱቁ መጡ። የእነ ኤርጎጌ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ብዙ ሰው ያስታረቁ፣ ብዙ ሰው የቀበሩ ናቸው። ጨርቅ ሊገዙ እንዳልመጡ ከአቋቋማቸው ያስታውቃል፤ አንድ ጥቅልል ዳሰስ አድርገው ተዉት።

"እህት ፀገነት፣ ኤርጎጌ ጎበዝ ናት አሉ።"

"ከሁሉም ትበልጣለች።"

"ችግሩ እሱ ነው።" ወደ በሩ ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናቷ ዐርፈዋል። የገና ማግሥት። ጉንፋን ነው ሲባል በአራት ቀን ሄዱ።"

ፀገነት መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ልጅቷ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል" አሉ ጋሽ ዱካሞ። "ይህን ሦስተኛውን በሰላም እስክትገላገል ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማምለናል። ባሏም፣ ከአገር ቤት ያሉትም። ያዘነ ሰው ድምፁ ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ እንዲጽፉ አደረግን። እሷ እንደሆነ ማንበብ አትችልም! ሀይለየሱስ ስልኩን ይዞ የሌለውን ያነብላታል። ሁሉ ነገር ደኅና ተይዞ ነበር፣ አንቺ መጣሽብን።" ዓይናቸው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። "የት ደረሳችሁ?"

"'የ' ላይ።"

"እዚያው ቁሙ።"

"ጋሽ ዱካሞ፣ ፊደል እንደ መኪና ፍሬን የለውም።"

"እስከ ነሐሴ ነው ያልኩሽ። ሀ ሁ ስንት ዘመን ጠብቆናል፤ አራት ወር ቢቆም አይሞትም። እሷ ግን..." ጥቅልሉን እንደገና ዳሰሱት። ቀስ ብለው እንዲህ አሉ። "መርዶ በወጉ ሲሆን ይሻላል። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ፣ የሚይዝ እጅ ዙሪያዋን ቆሞ። ለብቻ መስማት ምን እንደሆነ አንቺን ማስረዳት የለብኝም።"

ጋሽ ዱካሞ ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ እውነት ነው የተናገሩት። ፀገነት የባሏን የምሕረቱን ሞት የሰማችው ባለፈው ሐምሌ፣ ከአንድ የዳቦ መደብር ፊት ለፊት፣ ሰው ከሰው እንዲራራቅ መሬት ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር ላይ ቆማ ነው። ስልኳ ጮኸ። አንዲት ነርስ በእንግሊዝኛ ስሟን አረጋግጣ፣ አዝናለሁ አለቻት። ፀገነት "አመሰግናለሁ" አለች። ከዚያ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ተንቀሳቅሳ፣ ተራዋ ሲደርስ ዳቦ ገዛች። ሲቀበር ከአጥሩ ወዲህ ሆና አየች። ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልተፈቀደም፤ ሰዎች ምግብ በር ላይ አስቀምጠው ከመኪናቸው ሆነው ይደውሉላት ነበር። ስለዚያ ሰልፍ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያቺ "አመሰግናለሁ" ግን እስከ ዛሬ ድረስ ድንገት ጆሮዋ ውስጥ እየመጣች ከወንበር ታስነሣታለች።

"እሺ" አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሴቶቹ ሲገቡ የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ አልነበረም። በየጠረጴዛው የድቡ መጽሐፍ ተቀምጧል።

"ከዛሬ ጀምሮ እንግሊዝኛ እንጀምራለን" አለች ፀገነት፣ ጠመኔውን እየፈለገች። ጠመኔው እጇ ላይ ነበር።

"ተመስገን!" አለች በለጥሽ።

ሚስስ ፒሌይ ወሬውን ሲሰሙ በክርናቸው ክርኗን ነካ አድርገው ደስታቸውን ገለጡ። ኤርጎጌ ግን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ገና አልጨረስንም እኮ።"

"እንመለስበታለን።"

"መቼ?"

"በኋላ።"

ፀገነት አገር ቤት ባሳለፈችው አሥራ አንድ ዓመት የመምህርነት ሕይወቷ ተማሪን "በኋላ" ብላ አታውቅም ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ እንደ ጨው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት የት እንዳዋለቻቸው አታውቀውም። አንድ ቦታ መርጋት አቃታት። ከሥራ ስትወጣ አጭሩን መንገድ ትታ በረጅሙ ትሄዳለች። አዳራሹን ከትምህርት በፊትም በኋላም ትጠርጋለች። ለክበቡ ማንም ያልጠየቃትን ሪፖርት ጻፈች፤ አዲስ ተማሪ ልፈልግ ብላ በእሑድ ታክሲ ተሳፍራ ከከተማው ዳር ወዳለው አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ድረስ ሄዳ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ ማንንም ሳትመዘግብ ተመለሰች። ሌሊት ስትነቃ ስለ ምሕረቱ እንዳታስብ ስለ ኤርጎጌ ታስባለች፤ ስለ ኤርጎጌ እንዳታስብ የክፍሉን ወንበሮች በልቧ ትደረድራለች።

ኤርጎጌ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛነት ወደ መጨረሻ ወረደች። በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ ዓይኗ ይንሸራተታል። ብዙውን ጊዜ የምታየው ገበታው ተለጥፎ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ ነው፤ አራቱ የማጣበቂያ ቁራጮች አሁንም እዚያው ነበሩ።

"ድቡ በረዶ ውስጥ ነው" ብላ አስነበበቻት ፀገነት አንድ ቀን፣ ቃል በቃል እየተረጎመች።

"ይሁን" አለች ኤርጎጌ። "ይህ ድብ ምን ያደርግልኛል ቲቸር? ሱቃችን መጥቶ ስኳር አይገዛ፣ እንዳገሬው ሰው 'ሳውቦና' ብሎ ሰላም አይለኝ።"

ሁሉም ሳቁ። ኤርጎጌ አልሳቀችም።

በሰኔ መጀመሪያ ሚስስ ፒሌይ የንባብ ቀን ቆረጡ። የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ቆማ ታነባለች፤ የክበቡ አባላት ሁሉ ይመጣሉ፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ፕሮጀክቱ ለሌላ ዓመት እንዲቀጥል የሚወሰነውም ያን ቀን ነው። "ያቺ ጎበዟ ልጅ መጨረሻ ላይ ታንብብ" አሉ። ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን እንዳቆመች ማንም አልነገራቸውም።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፀገነት በር ተንኳኳ። ኤርጎጌ ነበረች። ብርድ ነው፤ የባሏን ጃኬት ደርባ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሏታል። ፀገነት ማሞቂያውን ወደሷ አዞረችላትና ቆመች።

"ቁጭ በይ። ምነው፣ ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ። ጽሑፍ አምጥቻለሁ፤ እንድታርሚልኝ።"

ከጃኬቱ ውስጥ የትምህርት ደብተሯን አወጣች። ከመሃሉ አንድ ገጽ ላይ አምስት መስመር የአማርኛ ጽሑፍ ነበር፤ በእርሳስ፣ ጎብጦ፣ ፊደሎቹ ገሚሱ ትልቅ ገሚሱ ትንሽ። "ደ"ም "ገ"ም "ፈ"ም አሉበት። ፀገነት አስተምራት የማታውቃቸው ፊደሎች ናቸው።

"ማን አስጨረሰሽ?"

"በለጥሽ። ከክፍል ስንወጣ በታክሲ፣ በታክሲ። አንድ ጉዞ አንድ ረድፍ።" ኤርጎጌ ደብተሩን መልሳ ወሰደችው። "እሑድ ሀይለየሱስ ሲታጠብ ስልኩ አልጋው ላይ ነበር። ማንበቡ ፈጥኖ አልመጣልኝም። ስለዚህ እንደ ሥዕል ገለበጥኩት። አሁን ላንብብልሽ፣ አንቺ ስሚ።"

ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ጀመረች። ጀማሪ ሰው ሲያነብ ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጠ እንደሚሻገር ነው፤ አንዱን ሳይረግጥ ሌላውን አያይም።

"ሀይ... ልዬ። የእማ... ማ። የእማማ መ... ቃ... ብር። መቃብር። በሲ... ሚን... ቶ ተሠር... ቷል። ስሟ... ም ተጽ... ፏል። ሰው ሁሉ... አመስ... ግኗል። ለኤር... ጎጌ። ለኤርጎጌ እስክት... ወልድ... አደራ... እንዳት... ነግ... ሯት።"

ጣቷ መጨረሻው ነጥብ ላይ ቆመ።

"ቤት ሆኜ ዘጠኝ ጊዜ አነበብኩት" አለች። "ዘጠኙንም ጊዜ ይህን ነው የሚለኝ። ግን እኔ ገና ተማሪ ነኝ። አንድ ፊደል ዘልዬ ይሆናል፣ አንዱን በአንዱ ቀይሬ ይሆናል። ተሳስቼ ገልብጬ ከሆነ ንገሪኝ። ስህተት አለው ቲቸር?"

ፀገነት ደብተሩን ተቀበለች። ቀይ እስክሪብቶዋ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ሄዳ አመጣችው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ ይህ የሌላ ሰው እማማ ነው፣ ስልኩን አምጪና አብረን እናየዋለን፤ እስከዚያ ጋሽ ዱካሞ አንድ መላ ያገኛሉ። ነሐሴ ሩቅ አይደለም። እስክሪብቶውን ከፈተችው። አምስቱን መስመር ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ እንደገና። ኤርጎጌ የአስተማሪዋን እጅ ታያለች፣ ቀዩ ቀለም የት እንደሚያርፍ።

ፀገነት እስክሪብቶውን ዘጋችው።

"ስህተት የለውም" አለች።

ኤርጎጌ ሶፋውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ግድግዳው ስስ መሆኑን ታውቃለች። የጃኬቱን እጅጌ ነክሳ ወደፊት ወደኋላ ተወዛወዘች። ፀገነት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋን ያዘች፤ ሌላውን እጇን፣ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ፣ ሆዷ ላይ አኖረችው። ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ። 

ውሃ ከጠጣች በኋላ ኤርጎጌ ጠየቀች።

"አንቺ መቼ ሰማሽ?"

"በሚያዝያ። ጋሽ ዱካሞ ነገሩኝ።"

"ገበታውን ያወረድሽው ያኔ ነው።"

"አዎ።"

ኤርጎጌ ራሷን ነቀነቀች፣ ለረጅም ጊዜ፣ አንድን ነገር በልቧ እንደምታደላድል ሰው።

"ዘመዶቼ ሞቱን ደበቁኝ። እሱ ወግ ነው። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ፤ ቢነግሩኝ ነበር የምቀየማቸው። አንቺ ግን የደበቅሽኝ ፊደሉን ነው። እንግሊዝኛው አልገባ ሲለኝ፣ ቲቸር ተስፋ ቆርጣብኛለች፣ እኔ ድንጋይ ነኝ እያልኩ አልቅሼ ነበር የምተኛው። በለጥሽን 'ለማንም እንዳትነግሪ' ብዬ ነው የለመንኳት፤ እንደ ሌባ።"

"ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው" አለች ፀገነት።

"ብቻዬን ሰማሁት እኮ።"

ስለ ዳቦው ሰልፍ፣ ስለ ቢጫው መስመር፣ ስለ ነርሷ ሊነገር የሚችልበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። ፀገነት አፏን ከፈተች፤ በልቧ ያ ሰልፍ ተንቀሳቀሰ፣ እሷም አብራ ተንቀሳቀሰች፤ የውሃውን ብርጭቆ አንሥታ ማጠብ ጀመረች።

ኤርጎጌ ገጹን ከደብተሩ ቀደደች፤ አራት ቦታ አጥፋ ጡቷ ሥር ሸሸገችው። ስትነሣ እጇን ለድጋፍ አልሰጠችም፤ የሶፋውን ክንድ ይዛ ነው የተነሣችው።

"ማወቄን ለማንም እንዳትናገሪ" አለች በሩ ላይ። "እነሱ ለእኔ ብለው ስድስት ወር ተሸከሙት። እኔም ለእነሱ ብዬ ሁለት ወር እሸከመዋለሁ። በወጉ ይምጡልኝ።"

የንባቡ ቀን ሳይደርስ የወረርሽኙ ሦስተኛ ማዕበል መጣ፤ በሰኔ መጨረሻ ማንኛውም ስብሰባ ተከለከለ። ሚስስ ፒሌይ ደውለው "ኬኩን ሰረዝኩት ሴጊ" አሉ፤ ድምፃቸው ከኬክ በላይ የሆነ ነገር የሰረዙ ይመስል ነበር። በሐምሌ ከተማው ታወከ፤ ካትሌሆንግ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሀይለየሱስ የሱቁን መዝጊያ አውርዶ ዘጠኝ ቀን ዕቃው ላይ ተኛ፤ ተረፈለት። ፀገነት በየቀኑ ስልኳን ታነሣለች፤ የኤርጎጌን ስም ታየዋለች፤ ታስቀምጠዋለች። በነሐሴ መጨረሻ ኤርጎጌ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

አርባ ቀኗ እንዳለፈ፣ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ዱካሞ ደወሉ። "ነገ ጎህ ሲቀድ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት" አሉ።

እሑድ በጨለማ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከኤርጎጌ በር ፊት ተሰበሰቡ። ማስካቸው ላይ ጋቢና ነጠላ ተከናንበዋል፤ የሚያስለው ሰው የለም። ሴቶቹ ወደፊት፣ ይይዟት ዘንድ። ፀገነት ከኋላ ቆመች። ጋሽ ዱካሞ አንኳኩ። በሩ ሲከፈት ኤርጎጌ ልጇን ታቅፋ ነበር፤ ሰዎቹን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ልጇን ለባሏ አቀበለች። ጋሽ ዱካሞ ገና "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናትሽ..." ከማለታቸው ጩኸቷ ግቢውን ሞላው።

ያ ጩኸት የውሸት አልነበረም። በሰኔ ጃኬት ውስጥ የተነከሰው ነው፤ አራት ወር ሙሉ ሲጠራቀም የቆየ። እናቷን በሀዲይኛ እየጠራች ወደቀች፣ ሴቶቹ ያዟት፣ ደግማ ተነሣች፣ ደግማ ያዟት። የሁሉም እጅ እሷ ላይ ነበር። በሰው ለቅሶ የራሱን የማያለቅስ የለም፤ ፀገነትም ግድግዳውን ተደግፋ፣ ማስኳ ርሶ አፏ ላይ እስኪጣበቅ አለቀሰች። ለማን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሲነጋጋ ጋሽ ዱካሞ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

"አየሽ፣ ምንም አላወቀችም" አሉ በሹክሹክታ። "አንቺ ባትረጂን አይሆንም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

ፀገነት "አሜን" ማለት አቃታትና አንገቷን ደፋች።

ሊወጡ ሲሰለፉ ተራዋ ደረሰ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። ኤርጎጌ ዓይኗ አብጧል፤ ለቀደሙት ሁሉ እንዳለችው ለእሷም "ስለ መጣሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ" አለችና ከኋላዋ ላለው ሰው እጇን ዘረጋች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ክበቡ ትምህርቱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ፀገነት የፊደል ገበታውን በአዲስ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ መለሰች፤ ካቆሙበት፣ ከ"የ" ቀጥሎ ካለው ረድፍ ጀመሩ። ሚስስ ፒሌይ ከበሩ ብቅ ብለው "ጎበዟስ?" አሉ።

"ወልዳለች" አለች ፀገነት።

"ቤቷን ወደ ካትሌሆንግ አዛውራለች" አለች በለጥሽ ቦርሳዋን እያስቀመጠች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ቀልድ ልትጨምር ፈልጋ ተወችው። "የስልኩን መልእክት አሁን እሷ ናት ለባሏ የምታነብለት አሉ።"

ፀገነት የሙቀት መለኪያውን አንሥታ በየግንባሩ ደገነች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ጠመኔውን ያዘች። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ተመልሰው መጥተዋል። ኤርጎጌ አልመጣችም።